«ጭንቅላቴ አልሠራ አለ ወይስ ኮምፒዩተሩ?»

በሳሪስ አቦ የከባድ መኪናው ጡሩምባም፣ አቧራውም፣ ሄድ መጣ የሚለው መብራትም እንደ ወትሮው ነው።

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ደብዳቤ የፍቅር ነው። «ጥሎኝ ሄደ»፣ «አማቴ ቤቴን ልታፈርስ ነው»፣ «ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ የቱን ላግባ?» … እኔም የአቅሜን ያህል እመልሳለሁ። ሰሞኑን የመጣልኝ ግን ሌላ ዓይነት ጉድ ነው። «ይሄስ ፍቅር የለበትም» ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ስጨርሰው ግን ከሁሉም የባሰ ፍቅር ያለበት ሆኖ አገኘሁት። እስቲ አብረን እናንብበው፦

«ሰላም ላንተ ይሁን ወንድሜ። ዕድሜዬ 24 ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ውጤት ግን አልመጣልኝም። አሁን ሳሪስ ገበያ አካባቢ ሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ታላቅ እህቴ ቤሩት ናት፤ ሰባት ዓመቷ። ‹ነጻ የኮዲንግ ትምህርት አለ አሉ፤ አንቺ እንኳ ተማሪ› ብላ ከደሞዟ አጠራቅማ ላፕቶፕ ላከችልኝ። ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አለኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ቅንፉ፣ ነጥቡ፣ እኩል ይሆናል ምልክቱ ጫካ ሆነብኝ። እህቴ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ‹ትምህርቱ እንዴት ነው?› ትለኛለች። ‹በጣም ጥሩ ነው› እላታለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ላፕቶፑን ከከፈትኩት ወር አልፎኛል። ልሽጠውና ብሩን ላስቀምጥላት? ወይስ ጭንቅላቴ የማይሠራ ሰው ነኝ? እባክህ ምከረኝ።»

ይህን ደብዳቤ ያነበብኩት ከጎተራ ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። አቦ ላይ «ወራጅ አለ!» ማለቱን ረስቼው ቃሊቲ ደረስኩላችሁ። ለምን ብትሉ፣ ልጅቷ የጻፈችው የራሴን ታሪክ ነው። ልዩነታችን እኔን ላፕቶፕ የላከልኝ ዘመድ አለመኖሩ ብቻ ነው። የኔው ባትሪው የሞተ፣ ከጓደኛዬ ላይ በሦስት ጊዜ ክፍያ የገዛሁት አሮጌ ነው።

የእማዬ ዕቁብና የኔ ጣጣ

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለውን ነጻ የኢንተርኔት ሥልጠና ከጀመረ ወዲህ በሰፈራችን «ኮዲንግ ጀመርክ እንዴ?» መባባል የሰላምታ ያህል ሆኖ ነበር። እኔም 12ኛ ክፍልን ጨርሼ እዚያው የቀረሁ፣ በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። የጋዜጣ እንጀራ ምን ያህል እንደሚሳሳ የቀመሰ ያውቀዋል። «እስቲ እኔስ ብሞክር?» አልኩ።

ሰበብም አላጣሁም። እማዬ የሰፈራችን ሴቶች ዕቁብ ጸሐፊ ናት። 32 ሴቶች ናቸው። ማን ከፈለች፣ ማን ቀረች፣ ለማን ደረሳት፣ ሁሉም ጠርዙ በተበላ ደብተር ላይ ነው ያለው። በየሳምንቱ «እኔ ከፍያለሁ!»፣ «አልከፈልሽም!» የሚል ክርክር አይጠፋም። «ይህን ደብተር ኮምፒዩተር ውስጥ ባስገባላትስ?» ብዬ ተነሳሁ።

የምማረው ቋንቋ ፓይተን ይባላል። ስሙ ዘንዶ ይምሰል እንጂ ከዘንዶ ጋር ዝምድና የለውም። የኔዘርላንዱ ሰው ጊዶ ቫን ሮሱም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 የገና ሰሞን ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ ሲያወጣው ስሙን የወሰደው «ሞንቲ ፓይተን» ከሚባለው የእንግሊዞች የቴሌቪዥን ቀልድ ነው። ለጀማሪ ይቀላል ይባልለታል። ይቀላል የሚሉት ግን የሚያውቁት ናቸው!

የመጀመሪያው ግድግዳ ይህ ነበር፦

ሀ = ሀ + 1

(የኮምፒዩተሩ ቃላት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እዚህ ጋዜጣ ላይ ግን በእኛው ፊደል አስቀምጫቸዋለሁ፤ የሚማር ሰው ያውቃቸዋል።)

ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ቢሆን ኖሮ የሒሳብ መምህራችን ጆሮዬን ይዘው ከክፍል ያስወጡኝ ነበር። አንድ ቁጥር አንድ ተጨምሮበት እንዴት ከራሱ ጋር እኩል ይሆናል? ሁለት ቀን ሙሉ አፈጠጥኩበት። ለካስ ምልክቷ አንድ ሆና ሥራዋ ሌላ ነው! «እኩል ይሆናል»ን የፈጠራት ሮበርት ሬኮርድ የተባለ የዌልስ ሰው ነው፤ በፈረንጅ 1557 ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ላይ። ልክ 400 ዓመት ቆይቶ፣ በ1957፣ አይ.ቢ.ኤም. ፎርትራን የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ሲያወጣ ያችኑ ምልክት ወስዶ ትእዛዝ አደረጋት፦ «በቀኝ ያለውን አስልተህ በግራ ባለው ስም አስቀምጥ!» አልጎል የሚባለውን ቋንቋ የሠሩት ሰዎች ከሒሳቡ ጋር እንዳትምታታ «:=» ብለው ለዩዋት። ፓይተን ግን በፎርትራን መንገድ ሄደ። «እኩል ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሲፈልግ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጽፋታል፦ «==»።

ይህ ሲገባኝ እማዬን አየኋት። አንዲት ሴት አዲስ ወደ ዕቁቡ ስትገባ ምን ታደርጋለች? በእርሳስ የተጻፈውን 32 ታያለች፣ በሆዷ አንድ ትጨምራለች፣ በላጲስ ታጠፋና እዚያው ቦታ 33 ትጽፋለች። «ብዛት = ብዛት + 1» ማለት ይኸው ነው። እማዬ ፓይተንን ሳትማር ስትሠራበት ኖራለች ማለት ነዋ!

ሁለተኛው ግድግዳ ዜሮ ነው። የሴቶቹን ስም በዝርዝር አስገባሁና የመጀመሪያዋን ለማየት «አባላት[1]» ብዬ ጠየቅሁ። ሁለተኛዋ መጣች። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታይ «ኮምፒዩተርህም አድልዎ ያውቃል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ፓይተን የመጀመሪያዋን ሴት የሚጠራት «አባላት[0]» ብሎ ነው። ቁጥሩ ከመነሻው ያለውን ርቀት የሚናገር እንጂ ተራ አይደለም። እንዲህ አስቡት፦ አቦ ላይ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ ሳትንቀሳቀሱ «ስንት ፌርማታ ተጓዝኩ?» ብትሉ መልሱ ዜሮ ነው። መነሻዋ ዜሮ፣ ቀጣይዋ አንድ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ አልተሳሳትኩም ብል ግን ውሸት ነው፤ አሁንም አንዳንዴ እሳሳታለሁ።

ሁለት ነጥብ ያሳደረችኝ ሌሊት

ሦስተኛዋን ግን እስክሞት አልረሳትም። ፓይተን «እንዲህ ከሆነ» ብሎ ሲጀምር መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብ ያደርጋል፤ ከሥሩ ያለው መስመር ደግሞ ገባ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ባዶ ቦታ ተትቶ ይጻፋል። «የከፈለችው ካነሰ ‹ይቀራል› በል» የሚል ሁለት መስመር ጻፍኩ። ከመጽሐፉ ጋር አስተያየሁት፤ ቁርጥ ራሱ ነው። «ሲንታክስ ኤረር!» አለኝ። የሰዋስው ስህተት አለብህ ማለቱ ነው። አጠፋሁ፣ ደግሜ ጻፍኩ። «ሲንታክስ ኤረር!» ዘግቼ ከፈትኩት። «ሲንታክስ ኤረር!» ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሬ ሌሊት 8 ሰዓት ሆነ። ውሻ ይጮሃል፣ እኔ ላብ ያጠምቀኛል። ወገኖቼ፣ ያን ሌሊት ራሴን ያልሰደብኩት ስድብ የለም። «ድሮስ ማትሪክ የጣለህ ጭንቅላት!» እስከማለት ደረስኩ።

ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ቻርጀር ሊዋስ መጣ። ቆም ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአማርኛው ሁለት ነጥብ ነው» አለኝ። ለካስ የሴቶቹን ስም በአማርኛ ሳስገባ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ ኖሯል! ፓይተን የሚፈልገው «:» ነው፤ እኔ የጻፍኩለት «፡» ነው። ለዓይን መንታ ናቸው። በኮምፒዩተሩ ዘንድ ግን ጨርሶ አይተዋወቁም። የዓለም የፊደል መዝገብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የእኛ ፊደል በፈረንጅ 1999 ሲገባ እያንዳንዷ ሆሄና ምልክት የየራሷ ቁጥር ተሰጥቷታል። የእኛዋ ሁለት ነጥብ ሥራዋ ቃልን ከቃል መለየት ነው፤ የእነሱዋ «ከዚህ ቀጥሎ ገባ ብሎ የተጻፈው የኔ ነው» ትላለች።

የሚያስቀው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ በፈረንጅ 2008 የወጣው ሦስተኛው ፓይተን ለምንሰጣቸው ስሞች የግዕዝ ፊደልን ይቀበላል። «አባላት»፣ «ብዛት» ብላችሁ ብትጽፉ ቅር አይለውም። ስማችንን ተቀብሎ ነጥባችንን መለሰብኝ እኮ ነው የምላችሁ! መልእክቱም ያላወቀውን ምልክት ነቅሶ አሳይቶኝ ነበር። እኔ ግን ቀዩን ጽሑፍ ሳይ እየተሰደብኩ ስለመሰለኝ እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም።

ውድ እህቴ፣ ጥያቄሽ «ጭንቅላቴ አይሠራም ወይ?» ነበር። ያን ሌሊት የኔም ጥያቄ ይኸው ነበር። ጠዋት ላይ ጭንቅላቴ ያው የማታው ጭንቅላት ነው፤ የተቀየረው አንድ ነጥብ ነው። ምልክት አለማወቅና አለማሰብ ለየቅል ናቸው። አንዱን ምልክት አንድ ሰው ተነስቶ «ለዚህ ሥራ ትሁን» ብሎ ሰይሟታል። ያልነገሩትን ስምምነት ማንም በብልጠት አይደርስበትም፤ ወይ ይነገረዋል፣ ወይ ፈልጎ ያገኘዋል።

የእኛስ ቋንቋ ቀላል ነው እንዴ?

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። «ውሻው ልጁን ነከሰው» እና «ውሻውን ልጁ ነከሰው» ብንል፣ አንዲት «ን» ቦታ በመቀየሯ ተነካሹ ነካሽ ሆነ! «አለ» የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱት፤ ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል»። አጻጻፉ አንድ ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ይህን ሲያይ ምን ይላል? «ጭንቅላቴ አይሠራም» ይላል! የሰፈራችን የአራት ዓመት ሕፃን ግን ሳያስበው ይናገረዋል።

በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማይክል ጋሰር «ሆርንሞርፎ» የሚባል ፕሮግራም ሠርቷል። የተጻፈው በዚሁ በፓይተን ነው። ሥራው የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን እየበለተ ክፍላቸውን ማሳየት ነው። «አልመጣችም» የምትለዋን አንዲት ቃል አስቡ፤ «አል» እና «ም» ከግራና ቀኝ ሆነው እምቢታውን ይይዛሉ፣ «መጣ» ድርጊቱን፣ «ች» ደግሞ ሴት መሆኗን ትናገራለች። ኮምፒዩተር ይህችን ለመበለት ራሱን የቻለ ፕሮግራም ተጽፎለት ነው። አንቺ ግን ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገድሽ በአንድ ጊዜ ትረጃታለሽ። ይህን የሚያደርግ ጭንቅላት ቅንፍ ያቅተዋል?

ሁለት ቅዳሜዎች

በጽሑፍ ብቻ መመለሱ አላረካኝም። ደብዳቤው ላይ በነበረው ስልክ ደወልኩና አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ሁለት ቅዳሜ ተገናኘን። (ማንነቷን አልገልጽም፤ ይህ እንዲጻፍም ፈቅዳልኛለች።) ላፕቶፑን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልላ ነው ያመጣችው።

«የቱ ነው የከበደሽ?» አልኳት። አንድ መስመር አሳየችኝ፦

ፕሪንት(ሌን(ስም))

«አንብቢልኝ» አልኳት። ከግራ ጀምራ «አሳይ … ርዝመት … ስም» አለችና ዝም አለች። «አሁን ከውስጥ ጀምረሽ ወደ ውጭ ውጪ» አልኳት። «ስም … ርዝመት … አሳይ።» ቀና አለች። «የስሙን ርዝመት አሳይ!» አለችና ሳቀች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እንግሊዝኛ ትእዛዙን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ዳቦ ግዛ» እንላለን እንጂ «ግዛ ዳቦ» አንልም። ኮምፒዩተሩም ቅንፍ በቅንፍ ላይ ሲደራረብ የሚሠራው ከውስጠኛው ጀምሮ ነው፤ መጀመሪያ ስሙን ያነሳል፣ ከዚያ ርዝመቱን ይለካል፣ በመጨረሻ ያሳያል። ይህ ቁርጥ የአማርኛ ቅደም ተከተል ነው! «ሀ = ሀ + 1»ም ቢሆን ከቀኝ ወደ ግራ ሲነበብ «ሀ ላይ አንድ ጨምረህ ሀ ውስጥ አስቀምጥ» ይሆናል፤ ግሡ መጨረሻ ላይ መጣ። እኛ እንግሊዝኛ ስለማንችል ኮድ የማንችል ይመስለናል። እንግሊዝኛው አያስፈልግም አልልም፤ ግን እዚህ ቦታ ላይ ያደግንበት ቋንቋ ነው መንገዱን የሚያሳየን።

ሌላ መስመር ሞከርን፦ «ፎር ሴት ኢን አባላት:» «ከአባላቱ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሳህ ከሥር ያለውን አድርግ» አለችኝ። እኔ ራሴ እንደዚያ አሳምሬ አልልም ነበር።

ደብተሯን ሳገላብጥ ደግሞ ሌላ ጉድ አገኘሁ። ከአንድ የቆየ መጽሐፍ የገለበጠችው «ፕሪንት "ሰላም"» ይላል፤ ቅንፍ የለውም። «እንዳለ ጽፌው እምቢ አለኝ፤ የዚያን ቀን ነው ተስፋ የቆረጥኩት» አለችኝ። ጥፋቱ የሷ አልነበረም። ይህ የሁለተኛው ፓይተን አጻጻፍ ነው። ሦስተኛው «ፕሪንት("ሰላም")» ካልተባለ አይሰማም። ሁለተኛው ፓይተን ደግሞ ከፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሠሪዎቹ ድጋፍ አቁመውለታል። ልጅቷ አሮጌ ሰዋስው አጥንታ ለአዲስ ፈታኝ ቀርባ ነው ራሷን «ደደብ» ስትል የከረመችው!

ሻያችንን እንደጨረስን «ለእህትሽ እውነቱን ንገሪያት» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «አይሆንም! ሰባት ዓመት የሰው ወለል አጽድታ የላከችውን ‹አልገባኝም› ልበላት?» አለችና ዕንባዋ መጣ። እኔም ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? ያን ቀን ላፕቶፑን መልሳ በነጠላ ጠቅልላ ሄደች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ስትመጣ ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው። እሁድ በኢሞ ሲደዋወሉ ነግራታለች። እህቷ መጀመሪያ ዝም አለች አሉ። ቀጥላ ያለችውን ልጅቷ እንደነገረችኝ ልጻፈው፦

«እኔ እዚህ ስመጣ ዐረብኛ አውቅ ነበር እንዴ? እመቤቲቱ ‹ኹብዝ› ስትለኝ ውሃ ይዤ ሄድኩ፤ ዳቦ መሆኑን የተማርኩት ስትጮህብኝ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ እያለቀስኩ ‹ጭንቅላቴ አይሠራም› ስል ነበር። አንቺን አልነገርኩሽም እንጂ። አልገባኝም ብለሽ አልተቆጣሁም፤ የተቆጣሁት ስለዋሸሽኝ ነው። ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ያወቅሽውን ተዪውና ያላወቅሽውን ንገሪኝ።»

እኔ ለዚህ የምጨምረው ምክር የለኝም። ብቻ ስለ ላፕቶፑ ለጠየቅሽኝ፣ መልሴ አንድ ቃል ነው፦ አትሽጪው።

ለሌሎቻችሁም ይሁን

ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ፣ እኔን የጠቀመኝን ልዘርዝር።

1ኛ. የምልክት ደብተር ያዙ። አዲስ ምልክት ባያችሁ ቁጥር «የት አየኋት? እዚህ ሥራዋ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጻፉ። አንዷ ምልክት ሁለት ሥራ ሊኖራት ይችላል። ክቡ ቅንፍ ሒሳብ ውስጥ «ይህ ይቅደም» ይላል፤ ከትእዛዝ ስም ቀጥሎ ሲመጣ ደግሞ «የምትሠራበት ይኸውልህ» ይላል። «አለ»ን አትርሱ!

2ኛ. መስመሩን ጮክ ብላችሁ በአማርኛ አንብቡት። ቅንፍ ካለ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ አንዲት «=» ካለች ከቀኝ ወደ ግራ። በአማርኛ ማለት ካቃታችሁ ያልገባችሁ ቦታ እሱ ነው።

3ኛ. ከማስኬዳችሁ በፊት ምን እንደሚወጣ ገምቱ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና እዩ። ሦስት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንዳበላሸው አታውቁም። በርበሬም፣ ጨውም፣ ቅመምም አብራ የጨመረች ባለሙያ ወጡ ምን እንደበዛበት በምን ታውቃለች?

4ኛ. ቀዩን ጽሑፍ እንደ ስድብ አትዩት። የመጨረሻውን መስመር አስቀድማችሁ አንብቡ፤ የስህተቱን ዓይነት እሱ ይናገራል። የመስመሩንም ቁጥር ይነግራችኋል። እዚያ ምንም ካጣችሁ ከፍ ብሎ ያለውን መስመር እዩ፤ ያልተዘጋ ቅንፍ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው።

5ኛ. ኪቦርዳችሁን እዩ! የእኛ «፡»፣ «፤» እና «፣» በእነሱ ቦታ አይሠሩም። ከሌላ ጽሑፍ የተቀዳ ጎበጥ ያለ የጥቅስ ምልክትም እንደዚሁ ነው፤ ቀጥ ያለውን ራሳችሁ ጻፉ።

6ኛ. መጽሐፉ የሁለተኛው ፓይተን ነው ወይስ የሦስተኛው? «ፕሪንት» ቅንፍ ከሌለው መጽሐፉ አርጅቷል፤ መልሱት።

7ኛ. ግማሽ ሰዓት ከተቸነከራችሁ ሰው ጠይቁ። የአሥረኛ ክፍል ልጅ ቢሆንም አትፈሩ። እኔ ባፍር ኖሮ እስካሁን ያችን ሁለት ነጥብ ሳያት ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ታዝቡኛላችሁ። «ኮድ ተማሩ፣ ነገ ዶላር ይዘንብላችኋል» የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። እስካሁን ኮድ ያስገኘልኝ ነገር ቢኖር የእማዬ ዕቁብ ላይ ክርክሩ መቀነሱ ነው። እማዬም ብትሆን ደብተሩን አልጣለችም። «መብራት ሲሄድስ?» ትላለች። እውነቷን ነው። ደብተሩና ኮምፒዩተሩ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል። በነገራችን ላይ ባለፈው ወር የተሳሳተው ደብተሩ ነበር። እማዬ ግን እስካሁን አላመነችም።

ልጅቷ በትናንትናው ዕለት አጭር መልእክት ላከችልኝ። «ዛሬ ስድስት ጊዜ ኤረር አለኝ፤ አራቱን ብቻዬን አወጣኋቸው። ሁለቱን ለእሁድ አስቀምጫለሁ» ይላል። እህቷ ፓይተንን አታውቅም እኮ! ግን ልጅቷ እየጮኸች ስታስረዳት መሃል ላይ ራሷ ይገባታል አሉ።

እናንተስ ያልገባችሁና ለሰው መናገር ያፈራችሁት ምን አለ? ጻፉልኝ። ሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር እንሰንብት!